ረዳት አልሆንም ያልኩ ቀን

ዘሀራ እባላለሁ። አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ከተማ ከገባሁ ስምንት ዓመት ሆኖኛል። ይህ የምነግራችሁ ነገር የደረሰብኝ ግን በአራተኛው ዓመቴ ላይ ነው። ያኔ በአንድ ትልቅ ዌርሃውስ፣ ማለትም የዕቃ መጋዘን ውስጥ ካርቶን እያሸግሁ ኮንቬየሩ ላይ እጭን ነበር። ኮንቬየሩ ዕቃውን ከእኛ ተቀብሎ እስከ መኪናዎቹ የሚያደርስ ረጅም ተንቀሳቃሽ ቀበቶ ነው።

አገሬ ኮምቦልቻ እያለሁ ግን ካርቶን አላሸግሁም። በጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሰባት ዓመት ማሽን ጠግኛለሁ። ይህን ለሰው ስናገር ሰው ፈገግ ይላል። «እሱ እኮ እዚያ ነው» ይለኛል፤ እዚህ የሚዞረው ሞተር በሌላ ኤሌክትሪክ የሚዞር ይመስል።

ኮንቬየሩ ሲቆም ሌላው ሠራተኛ እፎይ ብሎ ስልኩን ያወጣል። እኔ አዳምጣለሁ። ማሽን ከመቆሙ በፊት ይናገራል። አንድ ቀን ሊጠግን ለመጣው ቴክኒሻን፣ «ቀበቶውን ከሚያንከባልሉት ከዚያ በኩል ሦስተኛው ሮለር ነው፤ ኩሽኔታው አልቋል» አልኩት። «ማሬ፣ አንቺ ወደ ካርቶንሽ» አለኝ። አንድ ሰዓት ያህል ሲፈታና ሲገጥም ቆየ። ሦስተኛው ሮለር ነበር። አመሰግናለሁ እንኳን አላለኝም። ያን ቀን ቤቴ ስገባ ለባለቤቴ ለሰይድ፣ «እኔ ቴክኒሻን እሆናለሁ» አልኩት። ሰይድ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፣ ወሬ አያበዛም። «ሁኚ» አለኝ።

ሰው ሁሉ «ሜንተር ያዢ» አለኝ፤ መንገዱን የሚያሳይሽ ሰው ፈልጊ ማለቱ ነው። ዎርዝንግተን በሚባለው ሰፈር ቢሮ ያላቸው፣ በኮሚኒቲው የተከበሩ አንድ ሰው ዘንድ ወሰዱኝ። ጋሼ መኮንን እንበላቸው። በጥሩ ሁኔታ ተቀበሉኝ፣ ሻይ አስመጡልኝ፣ አርባ ደቂቃ ስለ ራሳቸው ሕይወት አጫወቱኝ። በመጨረሻ፣ «ልጄ፣ ሪያሊስቲክ ሁኚ። ያ የወንድ ሥራ ነው፣ እንግሊዝኛሽም ገና ነው። የነርስ ረዳት ኮርስ ውሰጂ፣ እኔ ሰው አገናኝሻለሁ» አሉኝ። ክፉ ሰው አይደሉም። ከልባቸው ነው። እኔም ከልቤ አመሰግኜ ወጣሁና ሁለተኛ አልተመለስኩም።

እትዬ ጸዳለን ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው፤ ሆስፒታል ውስጥ፣ መሰላል ላይ። ልጄን ሂክማን ለምርመራ ይዤ ኮሪደሩ ላይ ስንጠብቅ ከጣራው ሥር የሴት ድምፅ ሰማሁ። «ና እንጂ አንተ እርጉም፣ ና ውጣ!» ቀና ስል አንዲት ሴትዮ የጥገና ዩኒፎርም ለብሰው፣ ወገባቸው ላይ መፍቻ ደርድረው፣ ከጣራው ውስጥ ሽቦ እየጎተቱ በአማርኛ ይሰድቡታል። መሰላሉ ሥር ሄጄ ቆምኩ።

«እትዬ፣ ሐበሻ ነዎት?»

«ባልሆን በዚህ ቋንቋ እሰድበው ነበር?»

እንዲህ ተዋወቅን። ሜንተር እንዲሆኑኝ ስለምናቸው ግን ፊታቸውን አኮሳተሩ። «ሜንተር ምንድን ነው? የጡት አባት? እኔ እንደዚያ ያለ ነገር አላውቅም። ጥያቄ ካለሽ ጽፈሽ ይዘሽ ነይ። ያለፈው ጊዜ የነገርኩሽን ሳትሞክሪ ከመጣሽ ግን በሩን አልከፍትልሽም።» አላሾፉም። አንድ ቅዳሜ ሳልሞክር ሄጄ፣ ከከተማው ወጣ ብሎ ሬይኖልድስበርግ ያለው ቤታቸው በር ላይ ቆሜ፣ በመስኮት እጃቸውን አውለብልበውልኝ ተመልሻለሁ።

አንድ ዓመት ከመንፈቅ ያህል በየአሥራ አምስት ቀኑ ቅዳሜ ጠዋት ጋራዣቸው ውስጥ ተማርኩ። የአሜሪካውን የኤሌክትሪክ ሥርዓት፣ የደኅንነት ሕጉን፣ የመሣሪያውን ስም በእንግሊዝኛ። ከዚያም መሥሪያ ቤቴ የቴክኒሻን ቦታ ለጠፈ። አፕላይ አደረግሁ።

ነገሩ የጀመረው ሐሙስ ቀን ነው። ማናጀራችን ክሬግ ከሥራ መውጫዬ ላይ ጠራኝና ቆመን ሳለ ነገረኝ። «ማመልከቻሽን አይተነዋል። ለቲሙ ጥሩ ፊት አይደለሽም። ግን በማሸግ ላይ ምርጥ ነሽ!» ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። «ፊት» ያለው የእንግሊዝኛውን ቃል ነው፤ ከቡድኑ ጋር አትገጥሚም ማለቱ ነው።

ዓርብ ከሥራ እንደወጣሁ ቀጥታ ሬይኖልድስበርግ ነዳሁ። የቅዳሜ ተራዬ አልነበረም፣ አልደወልኩምም። እትዬ ጸዳለ በሩን ከፍተው ዓይኔን አዩት።

«እያለቀስሽ ነው የነዳሽው?»

«አዎ።»

«ሰው ብትገጪስ? ግቢ።»

አላቀፉኝም። ወንበር ገፋ አደረጉልኝና ውሃ ሰጡኝ። «ምን አለሽ?»

«አትሆኚም አለኝ።»

«እሱ እንደዚያ አይልም፣ ይከሰሳል። ያለውን ቃል ንገሪኝ።»

«ለቲሙ ጥሩ ፊት አይደለሽም አለ።»

«ማስታወቂያው ላይ ፊት የሚል አለ? አምጪው እስቲ።»

ማስታወቂያው ስልኬ ላይ ነበር። መነጽራቸውን አድርገው እንደ ዳዊት ቀስ እያሉ፣ ከንፈራቸውን እያንቀሳቀሱ አነበቡት። ታች፣ ማንም የማያነበው ቦታ ላይ ቆሙ። «እዚህ አንብቢልኝ።» አነበብኩ። ከአንድ ዓመት በላይ የሠራ የውስጥ አመልካች ሁሉ የተግባር ፈተና ይሰጠዋል ይላል።

«ፈተና ሰጡሽ?»

«አልሰጡኝም።»

«ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? ያልተፈተነ ሰው እንዴት አድርጎ ይወድቃል?»

እንባዬ ወዲያው ደረቀ፤ በቦታው የመጣው ንዴት ነበር። እንባና ንዴት ጎረቤት መሆናቸውን ያን ቀን አወቅሁ።

«ደብዳቤ ይጻፉልኝ፣ የእርስዎ እንግሊዝኛ ይሻላል» አልኳቸው።

«አልጽፍም። እኔ ከጻፍኩት ፈተናውንም እኔ ልፈተንልሽ? ራስሽ ጻፊው፣ እኔ አየዋለሁ።»

ቅዳሜ ቤቴ ተቀምጬ ጻፍኩ። ሂክማ ከኋላዬ ቆማ አነበበችው። ያኔ አሥራ አንድ ዓመቷ ነው። «ማሚ፣ ዋይ አር ዩ ሶ ሶሪ?» አለችኝ። አየሁት። አንድ ገጽ በማይሞላ ደብዳቤ ውስጥ አራት ጊዜ ይቅርታ ጠይቄያለሁ። ስለ ምኑ? እንጃ። ሁሉንም አጠፋሁ። ለእትዬ ጸዳለ ስልክላቸው ሁለት የፊደል ስህተት አርመው፣ «ይሄ ሰው ጽፎታል» የሚል መልስ ላኩልኝ። ከእሳቸው አፍ እንዲህ ያለ ምስጋና ሰምቼ አላውቅም።

ሰኞ ጠዋት ሥራ ሳልጀምር ደብዳቤውን ለክሬግ ሰጠሁት፤ ለሠራተኛ አስተዳደሩ፣ ለኤችአርም፣ በኢሜይል ልኬዋለሁ። ቆሞ አነበበ። ጆሮው ሲቀላ ይታየኛል።

«ፈተና ትፈልጊያለሽ?»

«ማስታወቂያው ይላል።»

«እሺ። ዛሬ። ከምሳ በኋላ። ዝግጁ ከሆንሽ።»

አንድ ሳምንት ስጡኝ ብዬ እንድለምነው ነው። «ዝግጁ ነኝ» አልኩት።

የምሳ ሰዓት መኪናዬ ውስጥ ገብቼ ለእትዬ ጸዳለ ኮል አደረግሁ። «ሥራ ላይ ነኝ፣ አንድ ጥያቄ ብቻ» አሉ።

«ብፈራስ?»

«ፍሪያ! ማን ከለከለሽ? እጅሽ ግን ተራውን ይጠብቅ። መጀመሪያ መለኪያሽን ለኪው፣ ከዚያ ማሽኑን።» ዘጉት።

የፈተናው ቦታ የጥገና ክፍሉ ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የኤሌክትሪክ ፓነል አለ፣ ከእሱ ጋር የተገናኘች ትንሽ ሞተር አለች። ፈታኙ ዴል ይባላል፤ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ፣ ነጭ ጢም ያለው ሰው ነው። ክሬግ እጁን አጣምሮ በሩ ላይ ቆሟል። ሁለት ቴክኒሻኖች ቡና ይዘው ሊያዩ መጥተዋል፤ አንደኛው ያ «ማሬ» ያለኝ ነው። ሥራ የሌላቸው ይመስላሉ።

ዴል በፍጥነት ተናገረ። ግማሹ አመለጠኝ። የዱሮዋ ዘሀራ ብትሆን ራሷን ነቅንቃ፣ የገባት መስላ ወደ ሥራዋ ትገባ ነበር። ብዙዎቻችን የምንወድቀው እዚህ ላይ ነው፣ ነገሩን ሳናውቅ ቀርተን ሳይሆን ድገምልኝ ማለት አፍረን።

«አልሰማሁህም። ቀስ ብለህ ድገመው» አልኩት።

ከኋላ ሳቅ ተሰማ። ዴል አልሳቀም። ቀስ ብሎ ደገመው። ሞተሯ አትነሳም። ጉድለቱ ስንት እንደሆነ አይነገርሽም። አርባ አምስት ደቂቃ አለሽ።

የፓነሉን ማጥፊያ ዘግቼ ማንም እንዳይከፍተው ቁልፍ አደረግሁበት። ኤሌክትሪኩ በእርግጥ መጥፋቱን ለማረጋገጥ መለኪያ ያስፈልገኛል። ያ «ማሬ» ያለኝ ሰውዬ ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ አቀበለኝ። ወደ ፓነሉ አልሄድኩም። ግድግዳው ላይ ወዳለው ሶኬት ሄድኩና ሁለቱን ጫፍ ሰካሁ። መቶ ሃያ ቮልት ማለት አለበት። ዜሮ አለ።

«ጊዜሽ እየሄደ ነው» አለ ክሬግ።

«መለኪያው አይሠራም።»

«ሶኬቱ ሞቶ ይሆናላ» አለ መለኪያውን የሰጠኝ ሰውዬ።

ምናልባት እውነቱን ይሆን? መለኪያውን አምኜ ልቀጥል? በዚያ መለኪያ ብቀጥል ሁሉንም ነገር ዜሮ እያለ ያሳስተኝ ነበር፣ ሊያስገድለኝም ይችላል። ኪሴ ውስጥ የስልኬ ቻርጀር ነበር። አውጥቼ ሶኬቱ ላይ ሰካሁትና ስልኬን አገናኘሁት። ስልኩ በራ። ባትሪው መሙላት ጀመረ። ስልኩን ከፍ አድርጌ ለሁሉም አሳየሁ።

«ሶኬቱ በሕይወት አለ። የሞተው መለኪያው ነው። ሌላ ስጡኝ።»

ሳቁ ቆመ። ዴል ወገቡ ላይ ካለው ኪስ የራሱን መለኪያ አውጥቶ ሰጠኝ። ያኛው ተበላሽቶ የተረሳ ይሁን ወይም ሆን ተብሎ የተሰጠኝ እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠይቄም አላውቅ።

በእሱ ኤሌክትሪኩ መጥፋቱን አረጋገጥሁ። ፊውዝ ተቃጥሏል፤ ቀየርኩት። ሞተሯ አልተነሳችም። መስመሩን ከላይ ጀምሬ አንድ በአንድ ተከተልኩ። የአደጋ ማቆሚያው ቁልፍ ጀርባ ላይ አንድ ሽቦ የታሰረ መስሎ ተቀምጧል፣ ሲነኩት ይወጣል። አጠበቅሁት። ፓነሉን ዘጋሁ፣ ቁልፌን አነሳሁ፣ አበራሁ። ሞተሯ ዞረች። ሰባት ደቂቃ ተርፎኛል።

«ምን እንዳደረግሽ አስረጂ» አለ ዴል።

ጀመርኩ። ክሬግ ከበሩ፣ «አክሰንቷ አልገባኝም» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለዴል።

«እንግዲያው እስልልሃለሁ» አልኩት። ነጭ ሰሌዳው ላይ መስመሩን ሁሉ ሳልኩ፣ ጉድለቶቹን በቀይ ምልክት አደረግሁ። ዴል ሰሌዳውን ብዙ ጊዜ አየው። ወረቀቱ ላይ ጻፈ። ምንም ሳይናገር ወጣ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ክሬግ ቢሮ ጠራኝ። አሁን ፈገግ ብሏል። «እንኳን ደስ አለሽ፣ አልፈሻል! በረዳትነት እናስጀምርሻለን። ስድስት ወር፣ ምናልባት አንድ ዓመት፣ ከዚያ እናያለን።»

«የለጠፋችሁት ቴክኒሻን ነው።»

«ረዳት ጥሩ መነሻ ነው።»

«ከእኔ በፊት የተቀጠሩት ሁለቱ በረዳትነት ነው የጀመሩት?»

«እነሱ ልምድ አላቸው።»

«እኔ ሰባት ዓመት አለኝ።»

«እዚህ አገር አይደለም።»

«ሞተር ፓስፖርት አለው?» አልኩት። ምን አፌን እንደከፈተው አላውቅም። አሥር ደቂቃ ለምኜ ወደ ፓርኪንጉ ወጣሁ።

እትዬ ጸዳለ በመጀመሪያው ጥሪ አነሱት። ነገርኳቸው። «ተቀበዪ!» አሉ ወዲያው። «እግርሽን አስገቢ፣ የቀረው ይመጣል። ስሙ ምን ያደርግልሻል? እምቢ ብትይ ሁለተኛ አይጠሩሽም። ሰማሽኝ ዘሀራ? ተቀበዪ።»

በዚያ ሁሉ ጊዜ እንዲህ በጥድፊያ ሲናገሩ ሰምቼ አላውቅም። ሁልጊዜ ቃል የሚጠይቁኝ፣ ወረቀት አምጪ የሚሉኝ ሴት፣ አሁን ወረቀቱን አልጠየቁኝም። ድምፃቸው ውስጥ የማላውቀው ነገር ነበር። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ዘጋሁ።

መኪኖቹ መሐል ቆምኩ። ያለ እሳቸው እዚያ ፓነል ፊት አልደርስም ነበር። ምክራቸውን ጥዬ ብወድቅ በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ? ደግሞ ሌላው ሐሳብ መጣ፤ ረዳት ብሆን ያ መለኪያውን የሰጠኝ ሰውዬ አለቃዬ ነው። ዕቃ አቀብይ ይለኛል። አቀብለዋለሁ። እኔ ያገኘሁትን ጉድለት እሱ ይፈርምበታል።

ተመልሼ ገባሁ። አልተቀመጥኩም።

«ረዳት አልሆንም» አልኩት።

«ካልፈለግሽ ወደ ካርቶንሽ ትመለሻለሽ።»

«እመለሳለሁ። ግን ፈተናውን አልፌ ለምን ቴክኒሻን እንዳልሆንኩ በጽሑፍ እፈልጋለሁ። የፈተነኝ ሰው ይፈርምበት።»

ፈገግታው ጠፋ። እኔም ወጣሁ። የሥራ ሰዓቴ ሲያልቅ መኪናዬን አስነሳሁ።

ሬይኖልድስበርግ ስደርስ እትዬ ጸዳለ ከሥራ ገብተው ጋራዣቸው ውስጥ ናቸው።

«ተቀበልሽ?»

«እምቢ አልኩ።»

«እኔን ጠይቀሽ፣ ያልኩሽን ትተሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ለምን ጠየቅሽኝ?»

«እርስዎ የሚሉትን ሳልሰማ መወሰን ስላልፈለግሁ። ውሳኔው ግን የእኔ ነው፣ እትዬ። እዚያ ቤት ጠዋት የምገባው እኔ ነኝ።»

ያባርሩኛል ብዬ ጠበቅሁ። በእጃቸው የያዙትን መፍቻ በጨርቅ ይጠርጉት ጀመር። ንጹሕ ነበር፤ ቢሆንም ጠረጉት። ከዚያ ሳያዩኝ ተናገሩ።

«ከሱዳን እንደመጣሁ እኔንም ረዳት ሁኚ ብለውኛል። ለስድስት ወር ነው አሉ። ዘጠኝ ዓመት ቆየሁ። እኔ ያስተማርኳቸው ልጆች እየተነሱ አለቆቼ ሆኑ። ለማንም ተናግሬው አላውቅም።» ቀና አሉ። «ዛሬ በስልክ የሰጠሁሽ ምክር አልነበረም። ፍርሃቴን ነው ምክር ብዬ የሰጠሁሽ። እንኳን አልሰማሽኝ።»

ያን ጊዜ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀፍኳቸው። ግትር ብለው ቆሙ፣ ግን አልገፉኝም።

ማክሰኞ፣ ረቡዕ፣ ሐሙስ ካርቶን አሸግሁ። ወሬው ተሰራጭቷል። አብራኝ የምታሽግ ያገሬ ልጅ፣ «እንጀራሽን በእግርሽ ረገጥሽ» አለችኝ። እኔም ሌሊት ሌሊት ይህንኑ ለራሴ ስል ነበር። ጸጽቶኝ ያውቃል ወይ ብትሉኝ፣ ረቡዕ ዕለት አዎ።

ዓርብ ጠዋት ዴል ኮንቬየሩን ተከትሎ እኔ ያለሁበት ድረስ መጣ። «ለምን ብቁ እንዳልሆንሽ ጻፍ አሉኝ» አለ። «ለመጻፍ ተቀመጥኩ። የምጽፈው አጣሁ። ያልሆነ ነገር ላይ አልፈርምም አልኳቸው።» ጢሙን አሸት አሸት አደረገና፣ «ሰኞ ጫማሽ እንደ ቴክኒሻኖቹ አፍንጫው ብረት ያለው ይሁን» ብሎኝ ሄደ። ከሰዓት የኤችአር ኃላፊዋ ጠራችኝ። ወረቀቱ ላይ «ቴክኒሻን» ይላል። ሁለት ጊዜ አንብቤ ፈረምኩ።

ወገኖቼ፣ ይህን ሁሉ ያወራኋችሁ እኔ ጎበዝ ነኝ ለማለት አይደለም። ብዙዎቻችሁ እኔን የሚመስል ታሪክ ይዛችሁ ካርቶን እያሸጋችሁ፣ አረጋውያን እያነሳችሁ፣ መኪና እየነዳችሁ እንደሆነ አውቃለሁ። «ሜንተር ፈልጉ» ይሏችኋል፣ እውነት ነው ፈልጉ። ነገር ግን ሻይ ጋብዞ ስለ ራሱ የሚያወራላችሁን ሳይሆን፣ ወረቀታችሁን አምጡ የሚላችሁን ፈልጉ። ባዶ እጃችሁን አትሂዱበት። የነገራችሁን ሞክራችሁ ተመለሱ። ደብዳቤያችሁን ራሳችሁ ጻፉ፣ ስህተታችሁን እሱ ያሳያችሁ።

ይህንንም ስሙኝ፤ የሚወዳችሁ ሰው ሁሉ የራሱ ቁስል አለው። ምክሩ ከእውቀቱ የመጣ ይሁን ከቁስሉ ለይታችሁ ስሙት። ከቁስሉ ከሆነ በአክብሮት እምቢ በሉ። እምቢ ስላላችሁት የሚጠላችሁ ከሆነ ቀድሞም ለእናንተ ብሎ አልነበረም ማለት ነው። ደግሞ እምቢታ ሁልጊዜ ያዋጣል እያልኩ አይደለም። ዴል ሌላ ዓይነት ሰው ቢሆን ኖሮ ዛሬም ካርቶን ላይ ልሆን እችል ነበር። ቢሆንም ረዳት አልሆንም ነበር። ይህን ከልቤ ነው የምላችሁ።

ባለፈው ወር እትዬ ጸዳለ ደወሉልኝ። ስልሳ ሊሞላቸው ትንሽ ነው የቀራቸው። ሆስፒታላቸው የጥገና ክፍል ኃላፊ ሊቀጥር ማስታወቂያ አውጥቷል። «ልጆቼ በዚህ ዕድሜሽ ምን ያደርግልሻል፣ አርፈሽ ጡረታሽን ጠብቂ ይሉኛል» አሉኝ።

እኔም የምክር ሰው ሆኜ፣ ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ «እንግዲህ እትዬ፣ እኔ የምልዎት...» ብዬ ጀመርኩ።

«ማመልከቻዬን አስገብቼ ጨርሻለሁ እኮ! ልነግርሽ ነው የደወልኩት፣ ልጠይቅሽ አይደለም» አሉኝና ስልኩን ጆሮዬ ላይ ዘጉት።